አጎቴ 20 ዓመት ሙሉ ሴፍቲኔት ላይ ነው፤ ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴ የሚኖረው ሰሜን ወሎ ደጋው ላይ ነው፤ በልግ ካልዘነበ ጉድ የሚፈላበት አገር። ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ በየዓመቱ ለሚራበው ገበሬ በሥራው እህል ወይም ብር የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በ1997 ሲጀመር መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዱ ነው። ያኔ ጎልማሳ ነበር። አሁን ሸብቷል፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ አልወጣም። ለፋሲካ ስሄድ እርከን ሲሠራ አገኘሁት። ልጅ ሆኜም እዚያው ተራራ ላይ እርከን ሲሠራ አውቀዋለሁ። ስመለስ ነገሩ ከነከነኝ። 20 ዓመት ስንዴ መቀበል ሰውን ያቆመዋል ወይስ የእርዳታ ጠባቂ ያደርገዋል፣ ያው ተራራስ በየዓመቱ ለምን ይቆፈራል ብዬ ጠየቅኩ። በዚያው የእርዳታ ሰዎች የሚወዷትን «የመቋቋም አቅም» የምትባል ነገር፣ ድርቅ ሲመጣ ሳይወድቁ መቆምን፣ አነሳሁና፣ አጎቴ ቤት አላየኋትም ስል ትንሽ አሾፍኩ።

ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። በየመልሱ ሥር የተጻፉትን አጫጭር ምላሾች ሳልቆጥር 34 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ረዝሞ ሰው እየጠፋበት ስለሆነ እስኪ የተባባልነውን ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ጤንነቴንም የአጎቴንም ጠይቆ ወደ ነገሩ ገባ። ቢሮ የኖረ ሰው እንደሆነ አጻጻፉ ያስታውቃል። በ1995 ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጎ እንደነበር አስታወሰ። እስከዚያ ድረስ አሠራሩ በየዓመቱ ለለጋሾች ጥሪ ማቅረብ ነበር። ጥሪው ተሰምቶ፣ ስንዴው በመርከብ መጥቶ፣ በመኪና ተጭኖ ወረዳ እስኪገባ ገበሬው በሬውን ሸጦታል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ በ1997 ሐሳቡ ተቀየረ። በየዓመቱ የሚራበው ሰው ይታወቃል፤ የሚራብበትም ወር ይታወቃል። እንግዲያው አስቀድሞ ይሰጠው ተባለ። በመጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ። በወር ለአንድ ሰው 5 ቀን ሥራ፣ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ እህል፣ ድምሩ 15 ኪሎ። ወይም በጥሬ ብር፣ ያኔ በቀን 6 ብር። ይህ ለ6 ወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይቀበላሉ። ዋናው ነገር ሆድ መሙላቱ ሳይሆን ሰውየው ጥሪቱን እንዳይሸጥ ማድረጉ እንደሆነ አስረዳ።

2ኛው በአክብሮት ጀምሮ 1ኛውን አረመው። ይህ ሰው ቆላ ቀበሌ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ልክ እንደሆነ፣ የሚያስቸግረው ቀኑ እንደሆነ ጻፈ። እሱ በነበረበት ቀበሌ የጥር ስንዴ መጋቢት ይመጣ ነበር። የሰኔው አንዳንዴ ከክረምት በኋላ። በመሃል ሰው ንፋስ አይበላም። ስንዴው ሲመጣ እከፍላለሁ ብሎ ከባለሱቅ ይበደራል። አንድ ጣሳ ወስዶ አንድ ተኩል ይመልሳል። የእደላ ቀን ባለሱቁ አህያውን ይዞ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል። ስንዴው ከመጋዘን እንደወጣ ባለሱቁ ጆንያ ውስጥ ይገለበጣል። ገበሬው ግን ለ15 ኪሎ ፈርሟል። ሪፖርቱም ለ15 ኪሎ ነው የሚጻፈው። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ ራሴ አጎቴን ስንት ኪሎ እንደሚያገኝ ጠይቄዋለሁ። በስንተኛው ወር እንደሚያገኝ ጠይቄው አላውቅም።

3ኛው አንዲት መስመር ነበረች። የገበሬውን ወኔ የገደለው ነፃ ስንዴ ነው፤ አለቀ።

4ኛዋ ሒሳብ አዋቂ ናት መሰለኝ። 15 ኪሎን ለ30 ቀን አካፈለችው። ግማሽ ኪሎ ስንዴ ለአንድ ሰው በቀን። በግማሽ ኪሎ ስንዴ የሚሰንፍ ሰው ካለ አሳዩኝ አለች። ከዚያ ላይ የአህያ ኪራይ ይቀነሳል፤ የጫኝና አውራጅ ይቀነሳል፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ላልሰፈረ ጎረቤትም ይቀመሳል። ደግሞ ነፃ የሚባለው ስንዴ ድንጋይ ተሸክመው ያገኙት ነው።

3ኛው በ5ኛው መልስ ተመለሰ። እልኸኛ ነው። የእርዳታ ስንዴ ገበያ ላይ ሲሸጥ በዓይኑ እንዳየ ጻፈና ካልተራቡ ለምን ይሸጣሉ ሲል ጠየቀ።

መልሱ የመጣው ከአንዲት የዋግ እናት ነው፤ 6ኛው። እንደ ልጇ አየችው እንጂ አልተቆጣችውም። ስንዴ ጥሬውን እንደማይበላ ነገረችው። ወፍጮ ገንዘብ ይፈልጋል። ጨው ገንዘብ ይፈልጋል። ልጅ ሲታመምም እንደዚያው። ስለዚህ ከ15ቱ ሁለቱን ሦስቱን ኪሎ ሸጣ የቀረውን ታስፈጫለች። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ልጅ ሆና ኮረም እንደነበረች ግን የነገረችን ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ አልዘረዘረችም። ያኔ ሰው የሚሞተው ቤቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ እንደነበር ብቻ ነው የጻፈችው፤ መንገድ ላይ፣ መጠለያ ውስጥ፣ በተስቦ። ቤት ውስጥ ምንም ሲጠፋ ነው የሚወጣው። በ2008 ድርቅ ግን ከቤቷ አልወጣችም። ጎረቤቶቿም አልወጡም። ለእሷ የሴፍቲኔት ትርጉሙ ይኸው ነው።

ለጥቂት ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም ምን እንደምል አላወቅኩም።

7ኛው መልስ ቁጥር ለማሟላት የመጣ ነው። በ2008 የአስቸኳይ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን እንደነበር፣ የሴፍቲኔቱ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለብቻው እንደተቆጠረ አስታወሰ። ይህን ያህል ሕዝብ ተቸግሮ እንደ ኮረም ያለ ነገር አለመታየቱ ተአምር ሳይሆን ዝግጅት እንደሆነ 1ኛው ሰው ተደስቶ ደገፈው። 8ኛው ደስታውን ቀነሰበት። በ2000 እህል ሲወደድ የብር ተቀባዮቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀው። 6 ብሯ 8 ተደረገች፤ ገበያው ግን ጥሏት ሄዷል። ያን ጊዜ ብር ይሰጠን ሲል የነበረ ሁሉ ስንዴ ይሰጠን ማለት ጀመረ። 1ኛው ልክ ነህ ብሎ ተቀበለ። በመድረካችን እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው።

ከዚያ ምርቃት መጣ። ለማታውቁት፣ ጥሪት አፍርቶ ከሴፍቲኔት የሚወጣ ሰው ተመረቀ ይባላል። መጀመሪያ የታሰበው ብዙው ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይመረቃል ተብሎ ነው። 9ኛው መልስ ሰጪ በዚያ ዘመን አባቱ በብድር ዘመናዊ የንብ ቀፎ እንደተሰጣቸው አጫወተን። ሁለት ቀፎ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ። በዓመቱ በልግ ቀረ፣ አበባ ጠፋ፣ ንቦቹም ጥለው ሄዱ። አባትየው ባዶ ቀፎና ዕዳ ይዘው ቀሩ። ከቤቱ የተመረቀችው ንቧ ብቻ ናት ሲል አሳቀን። 10ኛዋ ግን አልሳቀችም። ወረዳ ውስጥ ትሠራ ነበር። የተመራቂ ኮታ ከላይ ሲወርድ ታውቃለች፤ ዘንድሮ ይህን ያህል አስመርቁ ተብሎ። ቁጥሩ ስላልሞላ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው ተብላ የተመረቀች ባል የሞተባት ሴት ነበረች። በሚቀጥለው ክረምት ያችው ሴት የአስቸኳይ እርዳታ ሰልፍ ላይ ተገኘች። 10ኛዋ መዝገቡን የጻፈው የእሷ እጅ እንደነበር አልደበቀችም።

11ኛው ቆርቆሮው የፋብሪካ ነው ወይስ የዘይት ጣሳ ሲል ጠየቀ። በቃ፣ ክሩ መስመር ሳተ። ከ12 እስከ 16 ያለው በሙሉ የጣሳ ጨዋታ ነው። የእርዳታ ዘይት ጣሳ ተተርትሮ በር የሆነበት ቤት፣ ጣሪያ የሆነበት ቤት፣ ውሃ መቅጃ፣ የአበባ መትከያ፣ ለቡና ቤት መስፈሪያ። አንዱ ያደገበት ቤት በር ላይ የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ የሚል ጽሑፍ በፈረንጅኛ ስለነበር ፊደል የቆጠረው በሩን እያየ እንደሆነ ጻፈ። ሌላዋ ፋፋን አነሳች። ፋፋ ሲነሳ የማይራራ የለም፤ ዱቄቱን በማንኪያ ሰርቃ ስትቅም እናቷ እንዴት እንደያዘቻት ተረከች። አንዱ ደግሞ ከመሃል ገብቶ የቀይ ጤፍ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀ። ሦስት ሰው መለሰለት፤ ሦስቱም የተለያየ ዋጋ። አስተዳዳሪው የጤፉ ክር ሌላ ጋ እንደሆነ አስጠነቀቀና ጭቅጭቁን ዘጋ።

17ኛው ላይ ጨዋታው አበቃ። 3ኛው ሰውዬ ነው፣ እንደገና። አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2015 እርዳታውን ያቆሙት ስንዴው ስለተዘረፈ መሆኑን አንስቶ፣ በሌቦች ስም የሚቆም ፕሮግራም ቢቀር ምን ይጎድላል አለ።

18ኛው የመለሰለትን እንዳለ ብጽፈው አስተዳዳሪው ይሰርዝብኛል። ከስድቡ ውጪ ያለው ይህ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ትግራይ ላይ፣ ከሰኔ 1 ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ ሙሉ ተቋረጠ። ሰፊና የተቀናጀ ዝርፊያ አለ ነው የተባለው። ዘራፊው 15 ኪሎ ተቀባዩ አልነበረም፤ በመኪና ነው የተዘረፈው፣ በጀርባ አይደለም። ቅጣቱ ግን ጀርባ ላይ ወደቀ። እንደገና በስፋት የተጀመረው በ2016፣ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ገበሬ ጎተራው የሚራቆትባቸውን ወራት ቁጠራቸው ሲል ጮኸበት። 3ኛው አልተመለሰም። በ2ኛው መልስ የተነሳው የወር ነገር እዚህ ጋ እንደገና መጣብኝ።

ሁለቱ ቀጥለው የመጡ መልሶች ተረጋጉ የሚሉ ናቸው፤ እለፏቸው።

21ኛዋ ከጅዳ ነው የጻፈችው። ሰው ቤት ትሠራለች። በየሦስት ወሩ ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች። ይህ ሲሰማ እናትየዋ ልጇ አረብ አገር ናት ተብለው ከሴፍቲኔት ተሰረዙ። እሷ ደግሞ ሥራ ቀይራ አምስት ወር ሳትልክ ቀረች። ስንዴውም የለ፣ ብሩም የለ። የጠየቀችው አጭር ነገር ነው፦ ብር ከምልክ በግ ልግዛላቸው ወይ? ስድስት ሰው ስለ በግ መከራት። ከሁሉ የወደድኩት ሁለት እንስት በግ እንድትገዛና በግ እንዳላቸው ለማንም እንዳይናገሩ የመከረውን ነው። ቀልዱ መስሎኝ ነበር።

ስለ እርከኑ የተነሳው ከ24ኛው ጀምሮ ነው። ያው ተራራ በየዓመቱ ለምን እንደሚቆፈር ጠይቄ ነበርና። አንዱ የኮንሶን እርከን አነሳ፤ ከ400 ዓመት በላይ የኖረ፣ በ2003 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው። ያን ሁሉ ድንጋይ የካበው ሕዝብ በኪሎ ስንዴ እንዳልተከፈለው አሳሰበ። በእሱ እምነት የራሱ የሆነ ሰው ይጠግነዋል፤ ለስንዴ የሠራ ሰው ስንዴው ሲቆም ያቆማል። 25ኛው ከትግራይ ነው። አብርሃ ወ አጽብሃ የሚባለውን ቀበሌ ነገር አመጣ። ተራራው ተከልሎ፣ ልቅ ግጦሽ ቀርቶ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ወጥቶ፣ በረሃ መስሎ የነበረ ቀበሌ ፍራፍሬ እያመረተ በ2004 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እዚያም ነፃ ጉልበት ነበር፣ የእርዳታ እህልም ነበር። ልዩነቱ ሕዝቡ ከብቱን ላለመልቀቅ መስማማቱ ነው አለ። 26ኛዋ የኮንሶ ልጅ ነኝ ብላ ለሁለቱም መለሰች፤ ትንሽ ኮስተር ብላ። ኮንሶም ዝናብ ሲጠፋ ይራባል። እርከን የመጣውን ውሃ ይይዛል እንጂ ያልመጣውን አይጠራም። ቅርሳችንን እያነሳችሁ ለሌላው መምከሪያ አታድርጉት ስትል ዘጋችው።

27ኛውን መልስ ስጠብቀው ነበር፤ አገሩ ደጋ ብቻ የሆነ ይመስል ስለ በሬና ስለ ስንዴ እንጽፋለን። ቦረና ነው። ከ2013 እስከ 2015 አምስት ዝናብ በተከታታይ ቀርቶባቸዋል። ቤተሰቡ ከነበሩት ከብቶች በጣት የሚቆጠሩ ቀሩ። ለእነሱ 15 ኪሎ ስንዴ ወተት አይሆንም፤ ልጅ የሚያድገው በወተት ነው። በ2004 ስለተጀመረው የከብት ኢንሹራንስ በደንብ አስረዳን። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሣሩን አረንጓዴነት ይለካል፤ ከተለመደው ሲያንስ ካሳ ይከፈላል። ከብቱ እስኪሞት አይጠበቅም። ሰው በገንዘቡ መኖና ውሃ ገዝቶ ያሉትን እንዲያተርፍ ነው። እሱም ገብቶበት ነበር። ግን አንድ ዓመት ሳተላይቱ አረንጓዴ አየ ተብሎ አልተከፈለውም። አረንጓዴው ሣር አልነበረም፤ ላም የማትበላው ቁጥቋጦ ነበር። እንዲያም ሆኖ ኢንሹራንሱን አይጠላውም። ከብቱ ያለቀበትን ሰው እንደገና ያቆመው ግን ቡሳ ጎኖፋ ነው፤ ጎሳው ተሰብስቦ ጊደር የሚሰጥበት የቦረና ወግ። ሁሉም ከብቱ ሲያልቅበት ደግሞ የሚሰጥም ይጠፋል። ይህን ጽፎ ወጣ። ለእኔ ጥያቄ ቀጥታ መልስ አልሰጠም፤ ከሁሉ የተማርኩት ግን ከእሱ ነው።

28ኛዋ አዲስ አበባ የከተማ ሴፍቲኔት ታቅፋ መንገድ የምትጠርግ ነበረች። እኛን ማን አስታወሰን ብላ ወቀሰች። ልክ ናት፤ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ዛሬ ቢጫ ልብሳቸውን እያየን እናልፋለን።

29ኛው የአሜሪካ እርዳታ ድርጅት በ2017 መዘጋቱን አንስቶ እሰይ አለ። የበጋ መስኖ ስንዴ እያለን የማን ጥገኛ እንሆናለን ባይ ነው። 30ኛው ስንዴው መመረቱን አልካደም። በ1966 ረሃብ ጊዜም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይጫን እንደነበር ግን አስታወሰ። ወሎዬው የሚገዛበት ብር ስላልነበረው እህሉ ብር ወዳለበት ሄደ። አማርትያ ሴን የሚባሉት ህንዳዊ ምሁር ይህን አጥንተው ጽፈውታል። አሁንም የአርሲ ስንዴ ሲበዛ ላስታ ያለ ሰው አይጠግብም፤ መግዣው ወይ ማጓጓዣው ከየት ይመጣል? 29ኛው ፖለቲካ አታድርገው አለ። 30ኛው የጀመርከው አንተ ነህ አለ። 31ና 32 የዚሁ ቅጥያ ናቸው።

በ33ኛው መልስ እኔው ተመለስኩ። አጎቴ ጋ ደውዬ ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ 40 ደቂቃ አወራን። በዚህ ጊዜ ወሩን ጠየቅኩት። በ2008 ስንዴው በሰዓቱ ስለመጣ በሬውን አልሸጠም። በዚያ በሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ እያረሰ ስንት ዓመት አሳለፈ። ጦርነቱ ሲመጣ በጎቹ አለቁ፤ በሬው ግን ተረፈ። የሸጠው በ2015 ሐምሌ ነው፤ ስንዴው ቀረ ሲባል። ሁሉም ሲሸጥ ነበርና በርካሽ ሄደ። አምና፣ እኔ ለበዓል የላክሁለትን ብርና የራሱን ቁጠባ ደማምሮ፣ ወይፈን ገዝቷል። ይህን ለፋሲካ ስሄድ አልነገረኝም። ደጅ ላይ ታስሮ ያየሁትን ወይፈን የጎረቤት ነው ብሎኝ ነበር።

ለምን እንደዋሸኝ ስጠይቀው ሳቀ። ወይፈን አለው ከተባለ ያስመርቁታል። ጥያቄ ሳበዛበት ጊዜም የመዝገብ ነገር መስሎት ከወረዳ ማን እንደላከኝ ጠይቆኛል። ማንም እንዳልላከኝ ነገርኩት። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስለ ሴፍቲኔት እየተወያዩ እንደሆነ፣ እኔም ስለ እሱ እንደጻፍኩ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ወይፈኑን እንዳልጽፍ አደራ አለኝ።

34ኛው መልስ የመጣው ይህን በጻፍኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያችው የወረዳ ሠራተኛ ከነበረችው፣ ከ10ኛዋ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ የቀበሌው ስም እንዳለ፣ የወረዳ ሰውም ኢንተርኔት እንደሚያይ አሳሰበችኝ። ገብቼ አጠፋሁት።